ደገፋ የጠቀለለልኝ ምልክቶች

መጋቢት 3 ቀን 1979፣ ሐሙስ

ከደገፋ ሱቅ የሃያ አምስት ሳንቲም ለውዝ ገዛሁ። ለውዙ ሻግቷል፤ መጠቅለያው ግን ግሩም ነው። ለጤና ረዳቶች ማስተማሪያ በስቴንስል የተባዛ ወረቀት፣ ገጽ ሦስት። ከላይ «የተለመዱ የአእምሮ ሕመሞች መለያ ምልክቶች» ይላል። ለውዙን ለዶሮዎች በትኜ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ይህ ደብተር ቢጠፋ ላገኘው ሰው፦ ገብረሊባኖስ እባላለሁ፤ ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ ባለ የቆርቆሮ ኪዮስክ ሰዓት እጠግናለሁ። ትምህርት ቤቴ የደገፋ ሱቅ ነው። ስለ ንብ እርባታ የማውቀው ጨው፣ ስለ ጨረቃ ጉዞ የማውቀው ሻማ ተጠቅልሎበት የመጣልኝን ያህል ነው። የንቡ መጽሐፍ ሳያልቅ ደገፋ በሌላ ወረቀት መጠቅለል ስለ ጀመረ፣ ንቦቹን ቀፎ ድረስ አስገብቼ ማሩን ሳልቆርጥ ቀርቻለሁ። ይኸኛውን ግን እስከ መጨረሻው ገጽ አሳድደዋለሁ።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

ገጽ ሦስትን በኪሴ ይዤ ሰፈሩን መረመርኩ።

አቶ ሐድጉ፣ የዕድራችን ዳኛ፦ የዕድሩን ሳህኖች ሦስት ጊዜ ቆጥረው፣ አራተኛ የሚቆጥርላቸው ሰው ይጠራሉ። ወረቀቱ «አንድን ነገር ደጋግሞ ማጣራት» ይለዋል።

ደገፋ፦ «ምክንያት የሌለው ጥርጣሬ»። የሰጠሁትን ሳንቲም ነከሰው። «ሳንቲም ይነከሳል እንዴ?» ስለው፣ «እርስዎ ከሰጡኝ ይነከሳል» አለኝ።

አንድ ስሙን የማልጽፈው የቀበሌ ሰው፦ «ማቆሚያ የሌለው ንግግር፣ ከአቅም በላይ የሆነ ዕቅድ፣ ራስን ከሁሉ በላይ አድርጎ ማየት»። ሦስቱም አሉበት። ምልክቱን በእርሳስ፣ ያውም ሳልጫን አደረግሁ።

እኔ፦ ምንም። ኪዮስኩን ከቆለፍኩ በኋላ አራቴ ተመልሼ የማየው ጓጉንቸሩ አሮጌ ስለሆነ ነው።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ገጽ አራት በጨው መጣ። ስለ ከባድ ትካዜ ነው። «እንቅልፍ ማጣት፤ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፤ ቀድሞ ያስደስት የነበረው ነገር አለማስደሰቱ፤ በራስ ላይ መፍረድ። ይህ ሁሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ» ይልና፣ ቀጥሎ ያለውን ጨው በልቶታል።

የምስቅበት ሰው ስፈልግ ታላቅ እህቴ አሰፋሽ ትዝ አለችኝ፤ ሳቄም ቀረ።

እትዬ አሰፋሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን በጥልፍ ያሳደገች ሴት ናት። እኔም በግቢዋ ባለች አንዲት ክፍል እኖራለሁ። ታላቋ ልጇ ትዕግሥት ታይፒስት ናት። ታናሹ ዓባይነህ ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ዓመት ከአራት ወር ሆነው፤ ያለው ሰሜን ነው። በየወሩ ይጽፍ ነበር። ከገና በፊት አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ የለም።

እትዬ ስትጠልፍ ታዜም ነበር። ጎረቤቶች በዜማዋ ብቻ «ዛሬ ቀሚስ ይዛለች፣ ዛሬ ነጠላ ይዛለች» ይሉ ነበር፤ ለቀሚስ የምታዜመው ረጅሙን ነው። አሁን ዝም ብላለች። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ መስቀሉ ሁለት ክንድ ብቻ ተጠልፎ ከጥር ጀምሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የሙሽራዋ እናት ሁለት ጊዜ መጥተው አይተውት ሄደዋል።

«እትዬ፣ የቀሩት ሁለት ክንዶች ጾም ላይ ናቸው?» አልኳት።

ድሮ ቢሆን በእጇ የያዘችውን ማንኪያ ትወረውርብኝ ነበር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የእሷን ማንኪያ ስሸሽ ነው ያደግሁት።

«ተወኝ ገብሬ» አለች።

ያሳሰበኝ ያ ነው። ማንኪያው አለመወርወሩ።

መጋቢት 13፣ እሁድ

ሙለታ የሚባለው የጌጃ ሰፈር ልጅ፣ ማተሚያ ቤት የሚሠራው፣ ሰዓት ይዞ ቤቴ ድረስ መጣ።

«ይዘገያል» አለ።

ከፍቼ አየሁት። «ልጄ፣ ይህ ሰዓት ከእኔ ይሻላል።»

አንገቱን ሲያክ ቆየና፣ «እንግዲያው የዘገየሁት እኔ ነኛ፣ ጋሽ ገብሬ» አለ። ትዕግሥትን ሊያገባ ይፈልጋል። እሷም ትፈልጋለች። ወላጆቹ ወሊሶ ናቸው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሽማግሌ አድርጎ የሚልከው ሰው አያውቅም።

ወዲያው አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሽማግሌዎቹን እኔ እመርጥለታለሁ፤ ለእትዬ ግን ማንም አይነግራትም። ደስታ ድንገት ከተፍ ሲል ትካዜ መሸሻ ያጣል። ይህን የትኛው ገጽ ላይ እንዳነበብኩት አትጠይቁኝ። ዋናው ሽማግሌ አቶ ሐድጉ ይሁኑ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ናቸው። ቀኑ ዳግማዊ ትንሣኤ። ሰዓቱ ማለዳ አሥራ ሁለት፣ ለቅዳሴ ሳትወጣ።

ትዕግሥት አልወደደችውም። «ጋሼ፣ ለእማዬ እንንገራት። አሁን ድንገተኛ ነገር የምትችል አይመስለኝም።»

«አንቺ ታይፕሽን ምቺ። ሕክምናውን ለእኔ ተዪልኝ» አልኳት።

መጋቢት 17

ቸኩያለሁ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ከሰሜን በፈቃድ የመጣ ወታደር አገኘሁ። ስለ ዓባይነህ ጦር ጠየቅሁት። ያለኝን እዚህ አልጽፍም። ወታደሩ የማንንም ስም አልጠራም፤ ስም ካልተጠራ ወሬ ነው። ብዙ ሰዓቶች ይጠብቁኛል።

መጋቢት 18

ፖስታ ቤት ሄድኩ፤ ቴምብር ልገዛ። ሳልገዛ ተመለስኩ።

መጋቢት 19

ፖስታ ቤት። ትናንት ቴምብሩን ረስቼ ስለ ነበር ነው።

መጋቢት 24፣ ሐሙስ

ምስጢሩን የነገርኩት ለአራት ቤት ብቻ ነው። ዛሬ አንዲት የማላውቃት ሴት «ለእህትዎ ልጅ እንኳን ደስ ያለዎት» አለችኝ። ምስጢር የማያውቀው ባለቤቱ ብቻ ሲሆን ይጣፍጣል።

ማታ እትዬ ከበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ጠራችኝ።

«ገብሬ፣ እዚህ ጎረቤት ሠርካዲስ ቤት ስገባ ሴቶቹ ዝም አሉ።»

«ወጡ አርሮባቸው ይሆናል።»

«ውሃ ልቀዳ ቦኖ ስሄድ ደግሞ ተራቸውን ለቀቁልኝ። ገብሬ፣ ተራ ለቀቁልኝ። ሰው ቦኖ ላይ ተራውን የሚለቀው ለማን ነው?»

ለሙሽራ እናት ነዋ፣ ልል ነበር፤ ምላሴን ነከስኩ። «ለቆንጆ ሴት» አልኳት።

አልሳቀችም። «እንግዲህ ቀኑ ሲደርስ ይነግሩኛል» አለችና ገባች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ቶሎ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

ገጽ አምስት በሻማ መጥቷል፦ «ሰዎች በስውር ስለ እኔ ያወራሉ ብሎ ማመን»። እትዬ ላይ ምልክት አደረግሁ። ከገጽ ሦስትና ከገጽ አራት ካገኘሁባት ጋር ምልክቷ ስድስት ሆነ።

ሚያዝያ 11፣ ፋሲካ

እትዬ ለሁላችን ካጎረሰች በኋላ ራሷ ሁለት ጉርሻ በላችና ተነሣች። «ያኔ ገጠር አያቱ ዘንድ ሰድጄ ብደብቀው ኖሮ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። በራስ ላይ መፍረድ፤ ሰባት።

እኔም ብዙ አልበላሁም። ሁለት ወር ሙሉ የጾመ ሆድ ጠቦ ነው።

ዓባይነህ ሲሄድ፣ «ስትመለስ ሰዓት እሸልምሃለሁ፤ ብትዘገይ ግን ሸጬ እበላዋለሁ» ብዬው ነበር። አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆኖ ሳቀ። ሰዓቱ በመሳቢያዬ ውስጥ አለ። በየቀኑ እሞላዋለሁ። የማይሄድ ሰዓት ስለሚበላሽ ነው።

ሚያዝያ 18፣ እሁድ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ትዕግሥት ከእትዬ ጋር ናት። ነገ እጽፋለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሚያዝያ 19፣ ሰኞ

ኪዮስኩን አልከፈትኩም። እንዳለ እጽፈዋለሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በመስኮቴ ሆኜ እየሳቅኩ እጠብቅ ነበር። ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ተከናንበው፣ አቶ ሐድጉ ከፊት ሆነው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ገቡ። ድምፅ እንዳያሰሙ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አንኳኩ። እትዬ ከፈተች።

በዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። የሚናገሩት የዕድሩ ዳኛ ናቸው፤ ጋቢ ለብሰው፣ ሁለት ሰው ከኋላ አስከትለው። ይህን እኔ አላውቅም? ከአቶ ሐድጉ ኋላ ቆሜ ስንቱን በር አንኳኩቻለሁ።

አቶ ሐድጉ ንግግራቸውን ሳምንት ሙሉ አጥንተውታል። «ደኅና አደርሽ ወይዘሮ አሰፋሽ። ለትልቅ ጉዳይ ነው የመጣነው» አሉ።

አልጮኸችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችው። «የት ተቀበረ?» አለች። ከዚያ ደፉ ላይ ወደቀች።

ሮጬ ስደርስ ትዕግሥት አቅፋታለች። አቶ ሐድጉ «ማንም አልሞተም፣ ለጋብቻ ነው» ይላሉ፤ ማን ይስማቸው። ሠርካዲስ «ወንድሜን» እያለች ደረቷን እየመታች ገባች፤ እሷም ምስጢሩን ታውቅ ነበር፣ ግን የአቶ ሐድጉን ጋቢ ስታይ ሌላው ሁሉ ጠፋባት። ግቢው ሞላ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለት ጎረምሶች የዕድሩን ድንኳን ተሸክመው ደረሱ። አቶ ሐድጉ ልማድ ሆኖባቸው «ሳህኖቹንስ ቆጠራችሁ?» አሏቸው። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ዓመት ሙሉ እስቅ ነበር።

ሰዉን አስወጥተን ስንጨርስ እትዬ ውሃ ጠጥታ ቀና አለች። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ሙለታን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ቦኖውን። ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝ።

«እንግዲያው ልጄ ደኅና ነው?» አለች።

ማናችንም «አዎ» ልንላት አልቻልንም። ትዕግሥት መሬት መሬት አየች። እኔም ከእሷ በላይ።

ሚያዝያ 21፣ ረቡዕ

በውይይት ታክሲ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተር ስህን የምትባል ነርስ አለች፤ የእናቷን የግድግዳ ሰዓት ጠግኜላት አውቃታለሁ። ወረቀቴን አውጥቼ ሰባቱን ምልክቶች ላነብላት ስጀምር፣ «ይያዙት ጋሽ ገብሬ» አለችና ወንበሯን ወደ እትዬ አዞረች።

የጠየቀቻት ሁለት ነገር ብቻ ነው። «መቼ ጀመረዎት?» እና «ሌሊት ሲነቁ ምን ያስባሉ?»

እትዬ ግማሽ ሰዓት ተናገረች። ከገና ጀምሮ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳ እንደሆነ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ሳይንኳኳ ሲነጋ «ለዛሬ ተርፏል» ትልና ውሃ ለመቅዳት ትወጣለች። አራት ወር። እኔ ከግድግዳው ማዶ ነኝ። እኔም በዚያ ሰዓት ነቅቼ ነበር እኮ።

ሐኪሙም አያት። ስህን እንዲህ አለቻት፦ «ይህ ሕመም ነው፤ ስንፍናም እርግማንም አይደለም። እብደት ነው ብለውም አይስጉ። ክኒኑ ወዲያው አይሠራም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይታገሡት። በየሁለት ሳምንቱ መጥተው ያጫውቱኝ።»

«ጠበል ጀምሬ ነበር» አለች እትዬ፣ እንደ ጥፋተኛ።

«ይጠመቁ። ክኒኑንም ይዋጡ። አይጣሉም።»

ስንወጣ ስህን እኔን በክንዴ ያዘችኝ። «እርስዎስ ይተኛሉ?»

«ሥራ ይበዛብኛል።»

«ኪዮስኩን ቆልፈው ስንቴ ይመለሳሉ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። በር ላይ ቆመው ኪስዎን ስድስት ጊዜ ዳሰሱ፤ ቁልፉን ነው መሰለኝ።»

ጓጉንቸሩ አሮጌ ነው አልኳት። «ከእህትዎ ጋር አብረው ይምጡ» አለችኝ።

ሚያዝያ 23፣ ዓርብ

ደገፋን «ያንን ወረቀት የቀረውን በሙሉ ስጠኝ» አልኩት።

«ባዶ ወረቀት አልሸጥም፤ ዕቃ ይግዙ» አለኝ። ቁንዶ በርበሬ ገዛሁ። ገጽ ስድስት፣ የመጨረሻው፦

«ማሳሰቢያ። ጥርጣሬ ነው ብለህ ከመመዝገብህ በፊት፣ ሰውየው የሚለው ነገር እውነት እንዳይሆን አጣራ። ምን እንደሚያስፈራው ጠይቅ። ሲመልስልህ አታቋርጥ።»

ሰዉ በእርግጥ ስለ እሷ ያወራ ነበር። በእርግጥም የሚደበቃት ነገር ነበር። ያንን ሁሉ ምልክት ስቆጥር አንድ ጊዜ እንኳ «እትዬ፣ ምን ፈራሽ?» አላልኳትም። ንቦቹን ቀፎ አስገብቼ ማሩን አለመቁረጥ ይህ ነው።

ደገፋ ፊቴን አይቶ ሳንቲሜን ሳይነክስ ተቀበለኝ። ምን ያህል ብከፋ ነው።

ሚያዝያ 25፣ እሁድ

እትዬ ከቅዳሴ መልስ አቶ ሐድጉን፣ ሠርካዲስን፣ ደገፋን፣ ትዕግሥትንና እኔን ግቢ ውስጥ ሰበሰበችን። ፀሐይ ላይ አስቀመጠችን።

«ስለ ልጄ ወሬ ከመጣ፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ በመጣበት ሰዓት ንገሩኝ» አለች። «በቀትር ከመጣ በቀትር። ጎህ አትጠብቁልኝ።»

አቶ ሐድጉ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዙረው አዙረው፣ «ወግ አለ እኮ፣ ወይዘሮ አሰፋሽ» አሉ።

«ወጉ አራት ወር በር ሲያስጠብቀኝ ነው የኖረው። ይማሉልኝ።»

ማሉ። ሠርካዲስ እያለቀሰች ማለች። ደገፋ ማለ። ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ።

መማል አልቻልኩም፤ አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ከሰሜን የመጣው ወታደር ያለኝን ነገርኳት፦ የዓባይነህ ጦር ወደ ሌላ ግንባር ተዛውሯል፤ መንገድ ላይ ውጊያ ገጥሞታል፤ ብዙ ቁስለኛ አለ፤ የት የት እንደ ተኙ አይታወቅም፤ ስም አልጠራም።

«መቼ ሰማህ?»

«መጋቢት አሥራ ሰባት።»

በጣቷ ቆጠረች። «ሠላሳ ስምንት ቀን።»

እንድትጮህብኝ ጠበቅሁ፤ ቢሆንልኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን አተኩራ አየችኝ፣ ልጅ ሳለሁ ትኩሳቴን ስትለካ እንደምታየኝ። «ለዚህ ነው ፋሲካን ያልበላኸው» አለች።

«ሆዴ ጠቦ ነበር።»

«ገብሬ።»

«አዎ» አልኩ። ማልኩላትም።

ሰኞ ጠዋት የጨመርኩት፦ ሌሊቱን የተኛች ይመስለኛል። ከግድግዳው ማዶ ሆኜ ሳዳምጥ እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ፤ መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ግንቦት 1፣ ቅዳሜ፣ ልደታ

ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ይበላል። እኛም ከበራችን ፊት ሰሌን አንጥፈን ድስቱን አወጣን።

እትዬ ገና አልዳነችም፤ ክኒኑን ከጀመረች አሥር ቀኗ ነው፣ አፌን ያደርቀዋል ትላለች። ከዓባይነህ የመጣ ነገር የለም። ፖስታ ቤት አሁን የምንሄደው ሁለታችን ነን፣ ቴምብር እንገዛለን ሳንል። ግን የቀሚሱ መስቀል ሦስተኛ ክንድ አውጥቷል፤ ትናንት ስትጠልፍም ከረጅሙ ዜማ አንድ ሐረግ ያህል ሰምቻለሁ። እንዳታቆም ፈርቼ ሰዓት ውስጥ አቀርቅሬ ቀረሁ።

ገጽ ሦስትን አውጥቼ በራሴ ስም አንጻር ምልክት አደረግሁ። በእስክሪብቶ፣ ተጭኜ። ረቡዕ ከእትዬ ጋር ስህን ዘንድ እሄዳለሁ። የዓባይነህን ሰዓት ዛሬም ሞልቼዋለሁ። የምሞላው እንዲመጣ ስለምፈልግ ነው።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። ገና ከጠመንጃ ያዥ መታጠፊያ ጀምሮ እየሳቁ፣ እየተጣሩ፣ ለሚያገኙት ሁሉ «ለጋብቻ ነው የምንሄደው» እያሉ። አቶ ሐድጉ ኮትና ባርኔጣ እንጂ ጋቢ አላደረጉም፤ ዓይናቸውን ፀሐይ እየወጋቸው ንግግራቸውን እንደገና ከመጀመሪያው አሰሙ። ሙለታ ማዶ፣ በደገፋ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

እትዬ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው። «ዘመድ ተማክሮ ይነግራችኋል። ለመልሱ በዚሁ ሰዓት ኑ» አለች። ትዕግሥት ጓዳ ገብታ ስትስቅ ይሰማል። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ንፍሮ ቀረበላቸው።

እኔ ወደ እትዬ ጠጋ አልኩና፣ «አቶ ሐድጉ ንፍሮውን ፍሬ በፍሬ ቆጠሩት። አንድ ባቄላ ጎድሏል፤ የጠረጠሩት አንቺን ነው» አልኳት።

ማንኪያው በጆሮዬ አጠገብ አልፎ ድስቱን መታ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።